የግራው ጎማ

ሚያዝያ 15 ቀን 1992፣ እሑድ

ዛሬ ሃብተኣብ የሞዴሏን አውሮፕላን የጎማ ሽፋኖች ይዞ መጣ። ከእሱ ሰፈር ከካሳራኒ እስከ እኛ ሰፈር ሳውዝ ሲ፣ እዚህ ኬንያ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሁለት ተሳፍሮ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ። ኮንዳክተሩ እንቁላል የያዘ መስሎት “ፖሌ ፖሌ”፣ ቀስ በሉ፣ እያለ ሰው ገለል አደረገለት።

ሁለት የውሃ ጠብታ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። ቅርጹን ከእንጨት አውጥቶ፣ በላዩ ፋይበርግላስ ለብጦ ነው የሠራቸው። ጎማው ውስጣቸው ይገባና ከሥር ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል። ሠርክ አይታ “አውሮፕላኗን ጫማ ልታለብሷት ነው?” አለች። ባለቤቴ ስትቀልድ ሥራው ገብቷታል ማለት ነው። እውነት ለመናገር ቢጫዋ ያለ ሽፋንም ትበራለች፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ፣ በሪሞት የምትነዳ ሞዴል ናት። ግን ደብረ ዘይት አየር ኃይል ሳለን የምንጠግናት እውነተኛዋ ይህ ሽፋን ነበራት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ የለፋነው ያቺን እንድትመስል ነው።

ሥራውን ተካፈልን። ቀኙ የእኔ፣ ግራው የእሱ። ሽፋኑን ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ፣ ከአክስሉ ጋር የሚይዘው አንድ ትንሽ ብሎን ነው። አክስሉ ክብ ብረት ስለሆነ ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ በሞረድ ጠፍጣፋ መደረግ አለበት። ካልተደረገ የቱንም ያህል ብታጠብቀው ይንሸራተታል፤ ሽፋኑ አፍንጫውን ደፍቶ ሣር ይነክሳል። ይህን ለራሴ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ለሃብተኣብም ለእኔም የሚነገር ነገር አይደለም።

የሃንጋሩ፣ የድሮው የአውሮፕላን መጠገኛችን ሕግም እንዳለ ነው። ያሰረ አይፈትሽም። አንዱ ያስራል፣ ሌላው ይፈትሻል፤ የፈተሸው ሰው ከብሎኑ እስከ ብረቱ አንድ ቀይ መስመር ያሰምራል። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ አንዳችንም የራሳችንን ሥራ ራሳችን አስምረን አናውቅም። አለቃ አስቸኩሎን፣ አብራሪ ለምኖን፣ እምቢ ብለናል።

ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ

ሃብተኣብና ማርያ ከልጃቸው ከሚለን ጋር መጥተው እኛ ጋር ፈሰኩ። ሚለን የሠርክ የክርስትና ልጅ ናት፤ ደብረ ዘይት ሳለን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳቻት ሠርክ ናት። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ታውን፣ መሀል ከተማ፣ ኮሌጅ ትማራለች። “ጋሼ፣ ይቺ ፕሌን ስትበር ካላየሁ ሲሪየስሊ አላናግራችሁም” አለችን።

ከሰዓት በኋላ ሻምበል ፊሊጶስ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሩንዳ መጣ። ያኔ አብራሪ ነበር፤ አሁን ትልቅ ድርጅት ውስጥ የትራንስፖርት ኃላፊ ነው። በማብረር የሞዴል አብራሪዎች ክለባችን ውስጥ የሚስተካከለው የለም፤ ቢጫዋንም የሚያበርልን እሱ ነው። እኛ እናስራለን፣ እሱ ይጨበጨብለታል። የድሮው ነገር አልተለወጠም።

ግን ዛሬ ደግ ነገር ተናገረ። ድርጅቱ ጋራዥ ዋና መካኒክ ይፈለጋል። “ሃብተኣብን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ስሙን እኔ ነኝ የማቀርበው፣ ሰኔ ላይ ትገባለህ” አለው። ሃብተኣብ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ከተዘጋ ጀምሮ ሥራ የለውም። ማርያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግንቦት 5፣ ቅዳሜ

የድንበሩን ጦርነት እንደገና ጀመሩ። ሬዲዮው ከትናንት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ሥራ ቦታ፣ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ኬንያውያኑ “እናንተ ሰዎች ምንድነው የምትጣሉበት?” ይሉኛል። ምን ልበላቸው። ካቻቢቴ ስጠን ካሉኝ እሰጣለሁ።

ግንቦት 6፣ እሑድ

ሃብተኣብ የአሥመራ ሰው ነውና አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ሰላም ተባባልን። ስለ ጦርነቱ አላነሳም፣ አላነሳሁም። በረንዳው ላይ የግራውን አክስል ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ ማየት ጀመረ።

ሳሎን ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ሬዲዮ ከቦ ነበር፤ ሻምበል ፊሊጶስም አለ። እኔ አልጠራኋቸውም። እኛ ቤት ያለው ሬዲዮ ጥሩ ስለሚይዝ ራሳቸው ናቸው የመጡት። አንድ ጊዜ ጩኸት ሆነና “ባልቻ፣ ና ስማ!” አሉኝ፤ ገባሁ። የአንድ ከተማ ስም ተጠራ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፣ ቢበዛ ሦስት። እንግዳ ሲያጨበጭብ ባለቤት እጁን አጣጥፎ አይቆምም። የተጠራው ከተማ የማርያ ወንድሞች የሚኖሩበት መሆኑ ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

የሳሎኑ መስኮት ወደ በረንዳው ነው የሚከፈተው። ሙቀት ስለነበር ክፍት ነበር።

ስወጣ ሃብተኣብ የለም። ደህና ዋል ብሎ መሄድ ምን ነበረበት? ሞረዱንም ይዞ ሄዷል፤ የራሱ ነው፣ አባቱ አሥመራ ከጣሊያን ጋራዥ ያወጡት። የቀይ ቀለሙ ቆርቆሮ ሥር ወረቀት ትቶ ነበር። ሠርክ “ምን ይላል?” አለችኝ። “ስለ ሥራው ነው” አልኳት።

ግንቦት 13፣ እሑድ

አልመጣም። ስልክ ደወልኩ። ማርያ አንስታ “የለም፣ ወጥቷል” አለች። ከኋላዋ ሲያስል ሰማሁት። የሃብተኣብን ሳል የማላውቅ መሰላት።

እኔ ምን አደረግኩት? ጦርነቱን እኔ አላወጅኩም። የደርግ ወታደር ሆነን አብረን ሞያሌን በእግራችን ስናቋርጥ ማን ከማን ነበር የሚባል ነገር አልነበረም። ለነገሩ እሱ ላይ ይብሳል፤ እዚያ አሥመራ የጠላት አየር ኃይል አገልጋይ፣ እዚህ ደግሞ ሻዕቢያ ይሉታል። አውቃለሁ። ግን ይህ ሁሉ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?

ግንቦት 20፣ እሑድ

ዛሬም አልመጣም። ቀኙ አልቋል፤ ፈታሽ አጥቶ ተቀምጧል። ፊሊጶስ ደውሎ የክለቡ ትርዒት የሚመጣው እሑድ ነው አለ። “ትደርሳለች?” “ትደርሳለች ሻምበል።” “ግራው አልቋል?” “ያልቃል።” ከሠላሳ ዓመት በኋላም ስልክ ይዤ ቀጥ ብዬ እቆምለታለሁ። ሠርክ አይታኝ ሳቀች።

ግንቦት 26፣ ቅዳሜ

ችኮላ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ። ሞረድ ፈለግኩ፣ የእኔ ደንዝዟል፣ ብረቱን ላሰው እንጂ አልበላውም። ከዊልሰን ላመጣ ብዬ ነበር፣ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ዝግ ነው። የግራውን እንዳለ ዘጋሁት። ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ይይዛል።

መስመሩን ሁለቱም ላይ አሰመርኩ። ካልተሰመረ ፊሊጶስ ይጠይቃል። በእጄ ይዤ ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ይይዛል።

ግንቦት 27፣ እሑድ

ከትርዒቱ ተመለስን።

መነሳቷ ግሩም ነበር። ከሜዳው ስትላቀቅ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ፀሐይ ክንፏ ላይ ሲያርፍ ደብረ ዘይት የቆምኩ መሰለኝ። ወገኖቻችን ሃያ ይሆናሉ፣ ፊሊጶስ ነው የጠራቸው። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ ለማረፍ መጣች። ቀኙ ነካ፣ ግራው ነካ፣ ጥቂት ተንከባለለች። የግራው ሽፋን ቀስ ብሎ አፍንጫውን ሲደፋ በዐይኔ አየሁት። ሣሩን ነከሰና ቢጫዋ በአናቷ ተገለበጠች። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፤ አንዱ ክንፏ ከሥሩ ተገነጠለ።

ፊሊጶስ ሮጦ አነሳት። አየና “ግራው ነው” አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ “ግራውን ማን ነው ያሰረው?” ብሎ ጠየቀኝ።

“የግራው የሃብተኣብ ድርሻ ነበር” አልኩ።

ቃል በቃል እውነት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን የተካፈልነው እንዲያ ነው፤ እዚህ ደብተር ላይ ተጽፏል።

ከዚያ አንዱ “ታዲያ ምን ጠብቃችሁ ነበር?” አለ፤ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ክንፏን አንስቼ ወደ መኪናው ሄድኩ። ከገመዱ ወዲያ፣ ሕዝቡ በሚቆምበት በኩል፣ ሃብተኣብን የሚመስል ሰው ከአንዲት ልጅ ጋር ቆሞ ያየሁ መሰለኝ። ፀሐዩ ዐይኔ ውስጥ ነበር።

ሠርክ መኪና ውስጥ “ምን ብለህ መለስክለት?” አለችኝ። ነገርኳት። እስከ ቤት ድረስ ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ነበር።

ሰኔ 1፣ ሐሙስ

ሐበሻ ሱቅ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። “ሆን ብሎ ፈትቶት ነው አሉ።” “እነሱን ማመን ድሮም…” አንዱ ዞር ብሎ አየኝና “አይዞህ ጋሽ ባልቻ፣ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዳቦዬን ገዝቼ ወጣሁ።

እኔ ፈታው አላልኩም። አንድም ቀን አላልኩም። ሰው የጨመረውን ለመቀነስ ቤት ለቤት ልዞር ነው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ሰኔ 7፣ ረቡዕ

ሚለን ሠርክን ልታይ መጥታ ነበር። መብራት በፈረቃ ስለሆነ ጓዳው ጨልሞ ነበር፤ እኔ ከመኝታ ቤት ሆኜ ሰማሁ። “እትዬ፣ የአባዬ ሥራ ካንሰል ሆኗል። ሻምበል ደውሎ ‘ሰዎቹ ሃሳባቸውን ለወጡ’ አለው። ኢንተርቪው እንኳ አልጠሩትም።” ሠርክ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ልጅቷ ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። “እንደምን ዋልክ ጋሼ” ብላ ሳመችኝ። ጉንጬን ሳይሆን አየሩን።

ሠርክ እራት እያቀረበች “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሰኔ 11፣ እሑድ

ተኩስ አቁም ተፈረመ። ሬዲዮ የሚያዳምጡት ሰዎች ዛሬ ሁለት ብቻ ናቸው የመጡት፤ እነሱም ቶሎ ሄዱ። ምናልባት ሃብተኣብ ይመጣል ብዬ በረንዳውን ጠረግኩ። ሁለት ወንበር አወጣሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱንም አስገባሁ።

ሰኔ 18፣ እሑድ

የተሰበረችውን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሥር ትቻት ነበር። ዛሬ አወጣኋት። የግራውን ሽፋን ፈትቼ አክስሉን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ክብ ነው። የብሎኑ ጫፍ የቧጨረው ቀጭን ቀለበት ዙሪያውን ይታያል፤ ሌላ ምንም የለበትም። የቀኙን ፈታሁ። የእኔ ጠፍጣፋ እንደ ጥፍር ያበራል። የራሴን አሳምሬ ሠርቻለሁ።

ሃብተኣብ የተወው ወረቀት ጠፍቶብኛል ስል ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ለራሴ ጠፍቶብኛል እል ነበር። እዚሁ ደብተር ውስጥ ነው፣ የግንቦት 6 ገጽ ላይ፤ በጻፍኩ ቁጥር አልፌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ “ባልቻ፣ አክስሉን ገና በሞረድ አልነካሁትም። ሌላ ቀን እጨርሰዋለሁ። እኔ ሳልመጣ እንዳትዘጋው።”

አንብቤው ነበር። ያን ቀን አንብቤዋለሁ፣ ቅዳሜም ሳስረው አስታውሼዋለሁ። ይመጣ አይደል እንዴ፣ ይምጣና ይሥራ ብዬ እልህ ይዞኝ ዘጋሁት። ሜዳው ላይ ፊሊጶስ ሲጠይቀኝ “እኔ ነኝ” ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃው። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ መካኒክነቴን ማጣት ፈራሁ። በእኔ ፈንታ የእሱን ሰጠኋቸው።

ዝም አይነቅዝም የሚለው ሰው የእኔን ዝምታ አላየም።

ሰኔ 20፣ ማክሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሩንዳ ሄድኩ። በር ላይ አስካሪ የሚሉት ዘበኛ ስሜን መዝገብ ላይ አስጽፎ አስገባኝ። ሻምበል ፊሊጶስ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሞረዱን፣ ወረቀቱን፣ መስመሩን።

“ይህን ልትነግረኝ ነው ከሳውዝ ሲ ድረስ የመጣኸው?” አለኝ።

“አዎ ሻምበል። ግራውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሃብተኣብ የለበትም።”

ጋዜጣውን አጠፈ። “ባልቻ፣ አንተ የዋህ ሰው ነህ። የጎማ ነገር መሰለህ እንዴ? በዚህ ጊዜ የእሱን ስም ይዤ ብቀርብ የእኛ ሰዎች ምን ይሉኛል? ቃል ገብቼ ነበር፣ ተጨንቄ ነበር። ያን ቀን ሜዳው ላይ ያልከው ነገር ነው የገላገለኝ።”

“አሁንስ? አሁን እውነቱን አውቀሃል።”

“ቦታው ተይዟል። ሻይ ጠጣና ትሄዳለህ።”

ሻዩን ጠጣሁ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ቁጭ ብዬ ጠጥቼው ወጣሁ።

ሰኔ 25፣ እሑድ

ካሳራኒ ሄድኩ። አክስሉን፣ ብሎኑንና የቀይ ቀለሙን ቆርቆሮ በከረጢት ይዣለሁ።

ማታቱ ማቆሚያው ጋ ስወርድ አየሁት። በእሑድ ቀን፣ መንገድ ዳር ካርቶን ላይ ተንበርክኮ የማታቱ በር ማጠፊያ ይጠግናል። የማታቱው ልጆች “ፉንዲ፣ ቶሎ በል” ይሉታል፤ ጠጋኙ ማለታቸው ነው። የአውሮፕላን ሞተር በድምፁ ለይቶ በሽታውን የሚናገር ሰው ነው። እስኪጨርስ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። አይቶኝ ነበር፤ አልቸኮለም።

“ይግቡ” ብሎ ፎቅ ይዞኝ ወጣ። ይግቡ አለኝ፤ አንቱ አለኝ። ማርያ ሰላም አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። አንደኛው ወንድሟ የት እንደደረሰ እስካሁን አልታወቀም፤ ይህን ሠርክ ነግራኛለች።

ለሃብተኣብ ሁሉንም ነገርኩት። ሩንዳ መሄዴንም። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጁን ዘረጋ፤ አክስሉን ሰጠሁት። በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ ወደ መስኮቱ ይዞ አየው።

“ክብ ነው” አለ።

ተነሥቶ ሞረዱን አመጣ። መስኮቱ ደፍ ላይ ያሰራት ትንሽ ሞርሳ አለች። አክስሉን አስገብቶ ይሞርድ ጀመር። የሞረዱ ድምፅ እንደ ድሮው ነው፤ እኩል፣ ሳይቸኩል። በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ ስምንት ጊዜ ሳበው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

“ያን ቀን ሜዳው ላይ ነበርክ?” አልኩት።

“ነበርኩ። ሚለን ናት ጎትታ የወሰደችኝ።”

“የተናገርኩትን ሰምተሃል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አልዘጋሁትም ብትል እኮ…”

ሞረዱን አስቀመጠ። “አቶ ባልቻ፣ እኔ የጎማው ነገር አላመመኝም። ሰው ሲቸኩል ይሳሳታል። በረንዳዎ ላይ ተቀምጬ ከውስጥ ስታጨበጭቡ ስድስት ሰው ነበራችሁ። የእርስዎን ጭብጨባ ከስድስቱ መካከል ለየሁት። የሠላሳ ዓመት እጅ አይጠፋኝም። ማርያ ከዚያ በኋላ ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች።”

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፤ “እግዜር ይቅር ይበለን” አለ፣ ሐዘንተኛ ሊያጽናናው ለመጣ ሰው እንደሚመልሰው። አክስሉን ሰጠኝ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ እንደ መስታወት።

ስወጣ ቀዩን ቀለም መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሞርሳዋ አጠገብ ተውኩት። የቀኙ ጎማም ፈታሽ ይፈልጋል። አንድ እሑድ ቆርቆሮውን ይዞ ቢመጣ ብዬ ነው።

ሐምሌ 2፣ እሑድ

ጠዋት ሚለን መጣች። በሩ ላይ ቆማ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። “ጋሼ፣ አባዬ ‘ይሄን ረስተውት ሄደዋል፣ አድርሺላቸው’ ብሎኝ ነው።”

ቆርቆሮው ነው። ክዳኑ አልተነካም፤ ዙሪያውን የደረቀው ቀለም እንዳለ ነው።

“እውነትም ረስቼው ነው” አልኳት። ረስቼው አልነበረም። ግቢ አልኳት፣ ስቴጁ ላይ፣ ማታቱ ማቆሚያው ጋ፣ ጓደኛዬ እየጠበቀችኝ ነው አለች። ሠርክን ሳማ ሄደች።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የግራውን ጎማ ገጠምኩ። ብሎኑ ጠፍጣፋው ላይ ቁጭ አለ። ይይዛል። ብሩሹን አወጣሁ፣ ቆርቆሮውንም ከፈትኩት። ትንሽ ይዤው ቆየሁና ከደንኩት። የሚፈትሽልኝ ሰው የለም፤ መስመሩን አላሰመርኩም።